የንብ ሰም፣ ፓራፊን ወይስ ቅልቅል? ጎንደር ውስጥ ሻማና ጧፍ በቤታችን ለምንሠራ

የአራዳዋ ሻማ ሠሪ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ጎንደር አራዳ አካባቢ በቤቴ ጧፍና ሻማ እየሠራሁ ለጎረቤትና ለተወሰኑ ሱቆች አቀርባለሁ። እስካሁን የሠራሁት ከጠጅ ቤት ከምገዛው ሰፈፍ (ጠጁ ሲጣራ ከሚቀረው ሰም ያለበት አተላ) አንጥሬ በማወጣው ሰም ብቻ ነው። አሁን ግን የሰም ዋጋ እየናረ ሄዷል፤ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ደንበኞችም በብርጭቆ ውስጥ የሚነድ ወፍራም ሻማ እየጠየቁኝ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ፓራፊን ለማስመጣት አስቤያለሁ፤ አንድ ዘመዴ ደግሞ የአኩሪ አተር ሰም የሚባለውን ለናሙና ልኮልኛል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከታቸው አንዱ ይሰበራል፣ ሌላው ያሟልጫል፣ ሦስተኛው በጥፍር ሲጫኑት ይጎደጉዳል፤ በአንድ ዓይነት አሠራር ሁሉንም ማስኬድ እንደማይቻል ከዚህ ይገባኛል።

የምጠይቃችሁ የትኛው ሰም ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግ፣ በእንዝርት የተፈተለው የጥጥ ክር ለሁሉም ያገለግል እንደሆነ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰምን ከፓራፊን ጋር መቀላቀል ተገቢ መሆን አለመሆኑን ከምታውቁ ሰዎች መስማት እፈልጋለሁ።

ንብ አናቢ ከጭልጋ

እኅቴ፣ ስለ ፓራፊኑ ሌሎች ይናገሩ፤ እኔ ስለማውቀው ስለ ንብ ሰም ልጻፍልሽ። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ ሰም ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ናት፤ ከምናገኘውም ሰም ትልቁ ክፍል የሚመጣው አንቺ እንደምታደርጊው ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ማር ከነእንጀራው ለጠጅ ይሸጣልና። የሰፈፍ ሰም ጥራት የሚወሰነው በአነጣጠሩ ስለሆነ፣ ሻማሽ ቢንጫረር ወይም ነበልባሉ እየደከመ ቢጠፋ ክሩን ከመጠርጠርሽ በፊት ሰሙን መርምሪ። በውስጡ የቀረ የማር፣ የጌሾና የእንጭላጭ ብናኝ በክሩ ላይ ተከማችቶ የቀለጠው ሰም ወደ ነበልባሉ እንዳይወጣ ያግደዋል፤ የቀረ ውሃ ደግሞ እየተንጫጫ ይረጫል።

ሰፈፉን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አሽተሽ እጠቢው፤ ማሩና እርሾው በውሃ ይወጣል። ከዚያ በብዙ ውሃ ውስጥ አቅልጠሽ፣ ትኩስ እንዳለ በጆንያ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጨምቂው። የሚሻለው የዝናብ ውሃ ነው፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ከሰሙ ጋር ስለሚዋሃድ ሰሙ ሲረጋ ፍርክስክስ ያለና ውሃ የቋጠረ ይሆናል። የዝናብ ውሃ በማይገኝበት ወቅት ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ማከል ይረዳል። የተጨመቀው ሰም በተቻለ መጠን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ብታሳድሪው ዝቃጩ ወደ ታች ለመውረድ ጊዜ ያገኛል። ጠዋት የረጋውን ሰም አውጥተሽ ከሥሩ የተጠራቀመውን ጠቆር ያለ ክፍል በቢላዋ ፍቀሽ ጣይው። ለጥሩ ጧፍ ይህንን መደጋገም ያስፈልጋል፤ የመጨረሻውን ዙር ግን ያለ ውሃ አቅልጠሽ በስስ ነጠላ ጨርቅ አጥልይው።

ስለ ዕቃው አደራ የምልሽ ነገር አለኝ። የብረት ድስት ሰሙን ያጠቁረዋል፣ የመዳብ ዕቃ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ያስይዘዋል። አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ተጠቀሚ። ሰሙ እንዲነጣ የምትፈልጊ ከሆነ የትኛውም መድኃኒት ሳያስፈልግሽ በስሱ ፍቀሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ የበጋ ፀሐያችን ቢጫውን ያነጣዋል፣ ሽታው ግን አብሮ ይቀንሳል።

የኬሚስትሪ መምህር

የጭልጋው ወንድሜ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የሙቀቱን ጉዳይ ልጨምር።

የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ለሻማ የሚሸጠው ፓራፊን እንደ ደረጃው ይለያያል፤ አብዛኛው ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀልጣል። በብርጭቆ ለሚሠራ ሻማ የሚዘጋጀው የአኩሪ አተር ሰም ደግሞ ከሁለቱም ለስላሳ ነው፣ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። ከእነዚህ አንዱም በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ የለበትም። ከሥር ያለው ትልቅ ድስት ውሃ ይያዝ፣ ሰሙ ያለበት ትንሹ ድስት በውሃው ውስጥ ይቀመጥ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሰሙ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም። የሰምና የፓራፊን ጋዝ እሳት የሚይዘው ሙቀቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በመሆኑ ይህ አሠራር ትልቅ ዋስትና ነው፤ ዋስትናው የሚፈርሰው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ነውና ድስቱን ጥሎ መሄድ አይገባም። ሆኖም የንብ ሰም ከ85 ዲግሪ ካለፈ መልኩ መጥቆር ይጀምራል፤ ስለዚህ ውሃው እንዳይንተከተክ እሳቱን ቀነስ ማድረግ ይገባል።

እሳት ከተነሣ በምንም ዓይነት ውሃ አይደፋበትም። ውሃው ከጋለው ሰም በታች ገብቶ በቅጽበት ወደ እንፋሎትነት ሲለወጥ የሚነደውን ሰም ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳን መድፈን ነው መፍትሔው፤ ልክክ የሚል ክዳን ሥራው ሳይጀመር በእጅ አጠገብ ይቀመጥ። ይህንን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው፣ ብዙዎቻችን ልጆች በሚመላለሱበት ማድ ቤት ውስጥ ነው የምንሠራው።

ስለ ፓራፊን ከተነሣ፣ ፓራፊን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ነው፤ ካርል ራይኸንባኽ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1830 ለይቶታል። ንጹሕ፣ ነጭና ርካሽ ነው፣ ቀለምም በደንብ ይቀበላል። ጉድለቱ ሲረጋ በጣም መሸማቀቁ ነው፤ በፎርማ ውስጥ ሲቀዘቅዝ በክሩ ዙሪያ ጉድጓድ ይፈጥራል። ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ሲረጋ በክሩ አጠገብ በቀጭን እንጨት ወጋ ወጋ ተደርጎ፣ በኋላ በተጠበቀ ትኩስ ፓራፊን መሞላት አለበት። በውስጡ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እጅ ስቴሪን ቢጨመርበት ይጠነክራል፣ ነጭነቱም ይደምቃል፣ ከፎርማው መውጣትም ይቀለዋል። ስቴሪን ከሞራ ወይም ከዘንባባ ዘይት የሚገኝ፣ 69 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ አሲድ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ሼቭረልና ጌ ሉሳክ እ.ኤ.አ. በ1825 ለሻማ ሥራ የፈጠራ መብት ያወጡበት እርሱ ነው። ከዚያ በፊት ድሃው የአውሮፓ ቤት የሚያበራው የሚሸትና የሚጨስ የሞራ ሻማ ነበር።

የአራዳዋ ሻማ ሠሪ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ክሩ ግን ገና አልተነገረኝም። ለጧፍ የምጠቀምበት በቤት የተፈተለው ክር ለብርጭቆ ሻማ ይሆናል? በሱቅ የሚሸጠውና መሐሉ ላይ ቀጭን ሽቦ ያለበት ክርስ?

የኬሚስትሪ መምህር

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይኸኛው ነው፣ እኅቴ። የሚነደው ክሩ ሳይሆን በክሩ አማካይነት ወደ ላይ ተስቦ ወደ ጋዝነት የሚለወጠው ሰም ነው። የቀለጠ የንብ ሰም ከቀለጠ ፓራፊን ይልቅ ወፈር ያለ በመሆኑ በክሩ ውስጥ የሚወጣው በዝግታ ነው። ስለዚህ ሁለት እኩል ውፍረት ያላቸው ሻማዎች ብትሠሪ የንብ ሰሙ ከፓራፊኑ የወፈረ ክር ይፈልጋል። ክሩ ከቀጠነ ነበልባሉ ዙሪያውን ማቅለጥ ያቅተውና መሐሉን ብቻ እየቆፈረ ይወርዳል። ከወፈረ ደግሞ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ሰም ስለሚስብ ይጨሳል፣ ጫፉ ላይም ጥላሸት ያብጣል። አንድ ፓኬት ክር ገዝቶ ለሁሉም ሰም መጠቀም የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ከየውፍረቱ አንዳንድ ሻማ ሠርቶ፣ አንድዶ፣ ተቀምጦ ከማየት ሌላ አቋራጭ የለውም።

በእንዝርት የተፈተለ ክር ለጧፍ እጅግ ጥሩ ነው። ጧፍ ቀጭን ስለሆነ ክሩም ሰሙም አብረው ያልቃሉ። በወፍራም ሻማ ውስጥ ግን የተጠመዘዘ ክር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እየረዘመም ይጨሳል። ካምባሴሬስ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1825 ያመጣው ትልቅ ለውጥ ክሩን መጎንጎን ነበር፤ የተጎነጎነ ክር ሲነድ ወደ ጎን ይታጠፍና ጫፉ ከነበልባሉ ውጭ ወጥቶ አመድ ይሆናል። አንቺም የቤቱን ክር በሦስት በሦስት አድርገሽ ጠበቅ አድርገሽ ብትጎነጉኚው ለብርጭቆ ሻማ መሞከር ትችያለሽ። ከመጎንጎንሽ በኋላ በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቦራክስ (ነጭ የማዕድን ጨው ዱቄት) አሟሚና ክሩን አሳድሪበት፤ ከዚያ ፈጽሞ እስኪደርቅ ስቀይው። እንዲህ የታከመ ክር ከነደደ በኋላ ፍሙ ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም አይከማችም። በመጨረሻ በቀለጠ ሰም ውስጥ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ ንከሪው፤ አረፋው ከክሩ የሚወጣው አየር ነው።

ምንነቱ የማይታወቅ ሽቦ ያለበትን ክር ተዪው። እርሳስ ያለበት ሽቦ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ስለሚጎዳ አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2003 ከልክላዋለች።

ጧፍ አቅራቢ

እኔ ለአጥቢያዎች ጧፍ ማቅረብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ ስለ አነካከሩ አንድ ነገር ልበል። ሰሙ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ላይ ሲሆን ክሩን አጥልቆ ቶሎ ማውጣት፣ እስኪረጋ መጠበቅ፣ እንደገና ማጥለቅ ነው። ሰሙ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቀድሞ የያዘውን ሽፋን መልሶ ያቀልጠዋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ እብጥብጥ ይላል። በየመሐሉ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ማንከባለል ቀጥ ያደርገዋል።

መቀላቀልን በተመለከተ እንደ ነጋዴ በግልጽ ልናገር። የንብ ሰም ዋጋ ከፓራፊን ጋር አይወዳደርም። ከሦስት እጅ አንዱን ፓራፊን ማድረግ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ብርሃኑም ያው ብርሃን ነው፣ ድሃውም ምእመን በአቅሙ መግዛት ይችላል። ነውርነቱ አይታየኝም።

ዲያቆን ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰፈር

ወንድሜ፣ ስለ ዋጋው ያሉትን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ይህን ሐሳብ ሳልቃወም ማለፍ አልችልም። በአባቶቻችን ልማድ ለመቅደስ የሚቀርበው ጧፍ ከንብ ሰም የሚሠራ ነው። አንዲት እናት ስእለቷ ደርሶላት ከመቀነቷ ፈትታ የምትገዛው ጧፍ መባዋ ነው፣ የምታቀርበውም ንጹሕ ሰም ነው ብላ አምና ነው። ቅልቅል መሆኑን ነግረዋት ከገዛች የእርሷ ምርጫ ነው፤ ሳይነግሯት ከሸጡላት ግን ከእርሷ የተወሰደው የዋጋ ልዩነት ብቻ አይደለም። በፋሲካ ሌሊትና በከተራ በጎንደር አድባራት ዙሪያ የሚበራው ጧፍ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ሁሉ ሕዝብ እምነት ላይ የሚሠራ ሰው የቅልቅሉን መጠን በመጠቅለያው ላይ ሊጽፍ ይገባዋል።

ሌላም ልጠይቅ። ፓራፊን የበለጠ ጥላሸት እንደሚያወጣ ሲነገር እሰማለሁ። የሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት የመላእክት ሥዕሎች የሁላችን ሀብት ስለሆኑ ጉዳዩ ያሳስበኛል። መምህር ቢያብራሩልን?

የኬሚስትሪ መምህር

ዲያቆን፣ ጥላሸት የሚመጣው ነበልባሉ ካገኘው አየር በላይ ነዳጅ ሲደርሰው ነው። ረጅም ክርና ነፋስ ያለበት ቦታ የትኛውንም ሻማ ያጨሱታል፣ የንብ ሰሙንም ጭምር። ክሩ ከመለኮሱ በፊት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ከተቆረጠና ነፋስ ከሌለበት በሁለቱም መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያወራው የሰፋ አይደለም። የንብ ሰም ሻማ የክፍሉን አየር ያጸዳል የሚባለውም ማስረጃ የሌለው ነገር ነው፤ ለመሸጫ ብላችሁ አትጻፉት። የንብ ሰም ክብሩ በመዓዛው፣ በወርቃማ መልኩና ቀስ ብሎ በመንደዱ ነው፣ ይህም ይበቃዋል። በጥንታዊ ሥዕሎች አቅራቢያ ግን ሰሙ ምንም ይሁን ምን ጧፉን ከግድግዳው አርቆ ማብራት ነው የሚሻለው።

ቅልቅልን ለመለየት ለምትፈልጉ የሚያገለግል ቀላል ዘዴ አለ። የንብ ሰም ጥግግት (ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ከ0.95 እስከ 0.97፣ የፓራፊን ደግሞ 0.90 አካባቢ ነው፤ ሁለቱም በውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከፋርማሲ የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል በብርጭቆ ቅዱና ንጹሕነቱን እርግጠኛ የሆናችሁበትን ቁራጭ ሰም ጨምሩበት፤ ወደ ታች ይሰጥማል። ቁራጩ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ እስኪቆም ድረስ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አማስሉ። አሁን የምትጠራጠሩትን ቁራጭ ክተቱ። ፓራፊን ወይም ሞራ በብዛት ከገባበት ወደ ላይ ይወጣል። ቁራጮቹ የአየር አረፋ እንዳይኖራቸው፣ አልኮሉም ከእሳት የራቀ እንዲሆን ተጠንቀቁ። በሚቀልጥበት ሙቀት ብቻ መለየት አይቻልም፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ፓራፊን ከንብ ሰም ጋር በተቀራረበ ሙቀት ይቀልጣል።

ንብ አናቢ ከጭልጋ

በሽታም አትመኑ። ጥቂት የንብ ሰም የገባበት ፓራፊን እንኳ የሰም ሽታ ይሸታል። እኔ ሰብሬ ነው የማየው፤ ንጹሕ ሰም ሲቀዘቅዝ ቅው ብሎ ይሰበራል፣ ስብራቱም ፍርፍር ያለና የማያብረቀርቅ ነው። ፓራፊን የበዛበት ሲፋቅ እየተንሸራተተ ይሟልጣል። ተቀምጦ የቆየ ንጹሕ ሰም ላይ የሚወጣው ነጭ አመዳም ሽፋን ደግሞ ብልሽት ስላልሆነ በለስላሳ ጨርቅ ሲያሹት ይለቃል።

ጧፍ አቅራቢ

ዲያቆን፣ የተናገሩት ልቤ ውስጥ ገብቷል። በመጠቅለያው ላይ መጻፉን እቀበላለሁ፤ ሁለት ዓይነት አድርጌ፣ ንጹሑን ለብቻ፣ ቅልቅሉን ለብቻ፣ ዋጋቸውን ለይቼ ማቅረብ እችላለሁ። ገዢው ይምረጥ።

ተማሪ ከማራኪ

ይቅርታ አድርጉልኝና ጥያቄ አለኝ። የአኩሪ አተር ሰም ከውጭ ከሚመጣ፣ የአኩሪ አተር ዘይት ገዝተን ራሳችን ልናረጋው አንችልም? ወይም ሱቅ ያለውን የሚረጋ ዘይት መጠቀምስ?

የኬሚስትሪ መምህር

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ቢሆንም በቤት ውስጥ የሚቻል አይደለም። የአኩሪ አተር ዘይት ወደ ሰምነት የሚለወጠው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት፣ ኒኬል ባለበት፣ ሃይድሮጅን ጋዝ እንዲዋሃደው ተደርጎ ነው፤ ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ብቻውን የሚቆም ሻማ አይወጣውም። በመስታወት ውስጥ ክር ተደርጎበት እንደ መብራት ሊነድ ይችላል፣ ሻማ ብሎ መሸጥ ግን ደንበኛን ማሳዘን ነው።

የአራዳዋ እኅታችን የደረሳትን የአኩሪ አተር ሰም በተመለከተ፣ ለብርጭቆ ብቻ ትጠቀምበት። ብርጭቆውን ለብ አድርጋ፣ ሰሙን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ቀስ ብላ ታፍስሰው፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ ላዩ ይሰነጠቃል። ብቻውን በጣም ለስላሳ ሆኖ ካገኘችው ከመቶ ከ20 እስከ 30 እጅ የንብ ሰም ብትጨምርበት ይጠነክራል፣ ቢጫ መልክና መዓዛም ያገኛል። ቅልቅል በደንብ የሚያምርበት ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ክሩ ግን እንደገና መፈተን አለበት፤ የንብ ሰም በገባ ቁጥር ወፈር ያለ ክር ያስፈልጋል።

ለማሽተቻ ብለው የዕጣን ዱቄት ወይም የደረቀ ቅጠል በሻማው ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። ዱቄቱ ክሩን ይደፍነዋል፣ ቅጠሉም ራሱ እሳት ይይዛል። በውሃ የሚሟሟ የምግብ ቀለምም ከሰም ጋር ስለማይዋሃድ ከሥር ይቀራል።

ነጋዴ፣ ጎንደር መተማ

እኔ ከጎንደር ሻማ ወስጄ መተማ እሸጣለሁ። በሚያዝያ እቃው በመኪና ላይ እያለ ይጎብጥብኛል። የትኛውን ሰም ልጠይቅ?

ጧፍ አቅራቢ

ወንድሜ፣ መተማ ላይ ሙቀቱ በዚያ ወር ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሸራ የለበሰ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ሰም ሳይቀልጥ በፊት ይለሰልሳልና የሚቀልጥበትን ሙቀት ብቻ አትይ። የአኩሪ አተሩን በዚያ ወቅት አትውሰድ። ፓራፊን ከሆነ ከፍ ባለ ሙቀት የሚቀልጠው ደረጃ ይሁን፣ ስቴሪንም ይግባበት፤ የንብ ሰም ጧፍም ጥቅልሉ ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ ይችለዋል። ሻማዎቹን አስተኝተህ፣ በየድርድሩ መሐል ካርቶን አድርገህ፣ ጠርዛቸው አየር ላይ ሳይንጠለጠል ጫናቸው። በሌሊት መጓዝ ከቻልክ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው።

የአራዳዋ ሻማ ሠሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጧፍ የንብ ሰም ብቻ፣ ለብርጭቆ የአኩሪ አተሩን ከሰም ጋር፣ ለፎርማ ሻማ ፓራፊንና ስቴሪን ልይዝ ነው፤ ምን ምን እንዳለበትም በአማርኛ ጽፌ እለጥፍበታለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የብርጭቆውን ክር ስፈትን ምን ያህል ጊዜ አንድጄ ልፍረድ?

የኬሚስትሪ መምህር

በብርጭቆው አፍ ስፋት አስይው። ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት አንድ ሰዓት ያህል ስጪው፤ 7.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ የቀለጠው ሰም ጠርዙ ድረስ ካልደረሰ ክሩ ቀጥኗል። ገና በመጀመሪያው ሰዓት ከደረሰና ብርጭቆው በእጅ የማይያዝ ያህል ከጋለ ክሩ ወፍሯል፤ ያንን ወዲያው አጥፊው፣ ብርጭቆው ሊፈነዳ ይችላል። ግማሽ ላይ ሲደርስና ሊያልቅ ሲቃረብም እንደገና ተመልከቺው፣ ምክንያቱም ነበልባሉ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያገኘው አየር ስለሚቀንስ ከላይ በደንብ የነደደ ክር ከታች ሊጨስ ይችላል። ለደንበኛሽም ሲያልቅ ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ሰም ሲቀር እንዲያጠፋው በጽሑፉ ላይ ጨምሪበት።